ከጥንዚዛ ስም ጀርባ ያለው ቅንፍ

ባሕር ዳር ባለው የነፍሳት ወዳጆች ቡድናችን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ ከጥንዚዛው ሳይንሳዊ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የሰው ስም፣ ማለትም ስሙን ያወጣለት ሰው ስም፣ ለምን አንዳንዴ በቅንፍ ይጻፋል? ብዙዎች የጥርጣሬ ምልክት ይመስላቸዋል። አይደለም! ዝርያው መጀመሪያ ከተመደበበት ጂነስ (የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚመደቡበት ቡድን፤ የሳይንሳዊ ስሙ የመጀመሪያ ቃል) ወጥቷል ማለት ነው።

የድንች ቅጠል የሚበላውን የአሜሪካ ጥንዚዛ እንይ። ቶማስ ሴይ እ.ኤ.አ. በ1824 ስም ሲያወጣለት ዶሪፎራ የሚባል ጂነስ ውስጥ ነበር ያስገባው። በኋላ ወደ ሌፕቲኖታርሳ ተዛወረ። ስለዚህ «ሌፕቲኖታርሳ ዴሴምሊኒያታ (ሴይ፣ 1824)» ይባላል። ልጅ ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌ አክስቱ ቤት ቢገባ፣ ስም ያወጡለት አያት ያው እሳቸው ናቸው አይደል?

ፓርቲኒየም አረምን የሚበላው ጥንዚዛ «ዚጎግራማ ባይኮሎራታ ፓሊስተር፣ 1953» ግን ቅንፍ የለውም። ስሙ የወጣለት እዚያው ጂነስ ውስጥ ነው።

የቅንፉ ደንብ ቋሚ ነው። የትኛው ዝርያ የት ይግባ የሚለው ግን ከተመራማሪ ተመራማሪ ይለያያል። ዚጎግራማን ካሊግራፋ የሚባል ሌላ ጂነስ ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ በእነሱ አጻጻፍ ፓሊስተርም ቅንፍ ውስጥ ይገባል።