የአክሱም ሳንቲም በሎሚ አይታጠብም

«ጋሼ፣ ይቺን ማሳ ላይ አገኘኋት፤ ስንት ታወጣለች?» የሚል መልእክት ከፎቶ ጋር ሲደርሰኝ፣ ፎቶውን ሳልከፍት የማየውን አውቀዋለሁ፤ ትናንት ከአንጥረኛ የወጣ ቀለበት የመሰለ የብር ሳንቲም። ከ1,300 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ የኖረ ብር እንዲህ አያበራም። ታጥቧል ማለት ነው፤ በሎሚ፣ በአመድ፣ ሲብስም በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ።

«ካልጸዳ ዋጋ የለውም» ይሉኛል። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ብሩ ውስጥ መዳብ አለበት፤ ዘመን ሲቆጥር መዳቡ አረንጓዴ ይዝጋል፣ ብሩም ይጠቁራል። ፊደሉና የንጉሡ መልክ ብዙ ጊዜ የተረፉት እዚያው ዝገት ውስጥ ነው። ሎሚ ዝገቱን ለይቶ አይበላም፣ አመድም ይሞርዳል። ከዚህ የሚብሰው ግን ወርቁ ነው። የአክሱም ነገሥታት በአንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡን ራስ ዙሪያ ወይም መስቀሉን ብቻ ስስ ወርቅ ያለብሱ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ገንዘብ ብዙ ቦታ አታገኙም።

አንድ ወጣት በዲቴክተር (በብረት መፈለጊያ መሣሪያ) ከአጎቱ ማሳ ያወጣትን ሳንቲም በኩራት አመጣልኝ። በአጉሊ መነጽር ሳያት ከንጉሡ ጆሮ ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቢጫ ነገር ቀርታለች። የቀረው የታለ? «ቢጫ ዝገት መስሎኝ ነው ጋሼ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ፈገፈግኩት» አለኝ። ምን ይባላል?

ስለዚህ አትሹት፣ አትቀቅሉት። ከጎበጠ አታቅኑት፤ ያረጀ ብር እንደ ደረቅ ቂጣ ነው የሚሰበረው። አፈሩ እንዳለ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉትና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ወረቀቱ ላይ የተገኘበትን ቀን፣ የማሳውን ስም፣ ከድንበሩ ወይም ከዛፉ በስንት እርምጃ እንደሆነና ጥልቀቱን ጻፉ።

«ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፣ ፎርጅድ ነው» የሚሉኝም አሉ። እንዲያውም እንዲያ ነበር የሚሠራው። ጠፍጣፋው ብር በሁለት የተቀረጹ ማተሚያዎች መሐል ይገባና በመዶሻ ይመታል፤ እጅ ሲስት ሥዕሉም ይስታል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰውን ነው መጠርጠር፦ ጠርዙ ላይ የመገጣጠሚያ መስመር፣ ፊቱ ላይ የአየር ቀዳዳ አለው።

«ጨረቃ አለበት፣ የዓረብ ነው።» ጨረቃና ክቡ ምልክት የአክሱም የቀድሞ እምነት ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በመስቀል ተካው፤ እስልምና የመጣው ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

«ግእዝ ካልሆነ የኛ አይደለም።» በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ሳንቲሞች ያስመታው ንጉሥ እንዱቢስ በግሪክኛ ነው ያስጻፈው፤ የቀይ ባሕር ንግድ ቋንቋ ነበረ። ግእዝን ሳንቲም ላይ ያመጣው ንጉሥ ወዘባ ነው።

«ማርያ ቴሬዛ ናት፣ 1780 ይላል።» አብዛኞቹ 1780 ይላሉ። ብሩ ላይ ያሉት የኦስትሪያ ገዢ በዚያ ዓመት ሞቱ፣ ብሩ ግን ያንኑ 1780 እንደያዘ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመንም በማሽን ሲመታ ኖረ።

«በማሳዬ ያገኘሁት የኔ ነው።» አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ይነገራል፣ ላስረከበውም ሽልማት ይገባዋል። ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው። ዲቴክተር ይዞ ሌሊት መውጣትን ደግሞ ማንም አጋጣሚ አይለውም።

ያንን ወጣት ሳንቲሟን ከየት ጋ እንዳወጣት ጠየቅሁት።

«እዚያው ማሳው ላይ ነው» አለኝ።

የአጎቱ ማሳ አራት ጥማድ ነው።