«ኔትወርክ የለም፣ ጊት አይሠራም» ለምትሉ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ልጆች ላፕቶፓቸውን ዘግተው ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። (ድሬ ላይ ሻይ ቶሎ ይቀዘቅዛል የሚለውም ራሱን የቻለ የተሳሳተ አመለካከት ነው።) ምነው ሥራ ቆመ ስላቸው «አቦ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ በምን ጊት እንሥራ?» አሉኝ። ጊት ማለት የኮድን ለውጥ ደረጃ በደረጃ መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ከዛ ወሬው ረዘመ። የሰማሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ያለ ኔትወርክ ጊት አይሠራም»

ይሄ የሚመጣው ጊትንና ጊትሀብን አንድ ነገር ከማድረግ ነው። ጊትን ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው የሊኑክስን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ኮድ ለማስተዳደር ነው። ጊትሀብ የመጣው በ2008 ሲሆን ሪፖዎቻችሁን (የፕሮጀክት ፋይልና ታሪክ የሚቀመጥባቸውን ማኅደሮች) ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥላችሁ አገልግሎት ነው። የፕሮጀክቱ ሙሉ ታሪክ እዛው ማሽናችሁ ላይ ስላለ አድ (ለውጥን ለምዝገባ ማዘጋጀት)፣ ኮሚት (ለውጡን መመዝገብ)፣ ሎግ (ታሪኩን ማየት)፣ ዲፍ (ልዩነቱን ማየት)፣ አዲስ ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) መክፈት፣ ሁሉም ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ፑሽና ፑል (ወደ ሌላ ሪፖ መላክና ከዛ አምጥቶ ማዋሃድ) እንኳን ኢንተርኔት የሚፈልጉት ሌላኛው ሪፖ ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ብቻ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ፍላሽ ላይ «ቤር» የሚባለውን የሥራ ፋይል የሌለው ሪፖ ፈጥሬ፣ ፑሽ አድርጌበት፣ ኪሴ ከትቼ፣ በሚኒባስ ደንገጎን ወጥቼ ሐረር ላለው ጓደኛዬ ሰጥቼዋለሁ። ከፍላሹ ፑል አደረገ፣ አለቀ።

«አንዴ ካጠፋሁት አለቀልኝ»

ሳቢያን የሚኖር አንድ ልጅ ማታ ደወለልኝ። «ሪሴት» (ብራንቹን ወደ ቀድሞ ኮሚት መመለሻ) ላይ «ሃርድ» (ፋይሎቹንም አብሮ የሚመልሰውን) ጨምሮ የሦስት ቀን ኮሚቱ ከሎጉ ላይ ድራሹ ጠፍቷል። ድምፁ ሁሉ ተቀይሯል። ምንም ሳትነካ «ጊት ሪፍሎግ» ብለህ ጻፍ አልኩት። ሪፍሎግ የረገጣችሁትን ኮሚት ሁሉ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ማስታወሻ ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አጭር መለያ አለ። ልጁ መስመሮቹን እያነበበ «የክፍያ ገጽ ተጨመረ» የሚለው የራሱ መልእክት ላይ ሲደርስ ጮኸ። «ጊት ብራንች» ብሎ አዲስ ስም፣ ቀጥሎ ያንን መለያ ጻፈ። ሥራው ተመለሰ። እንዲህ ከብራንች የተነጠለ ኮሚት ሴቲንጉ ካልተቀየረ በቀር 30 ቀን ይቆያል።

ግን እዚህ ጋ ልብ በሉ። ሪፍሎግ የሚያድነው ኮሚት የሆነውን ነው። አድም ኮሚትም ያላላችሁትን ለውጥ «ሪሴት ሃርድ» ከበላው ጊት አያመጣላችሁም። ስለዚህ መብራት በሚሄድበት ከተማ ኮሚት ለማድረግ ሥራው እስኪያምር አትጠብቁ፣ ቆይቶ ይስተካከላል።

«ፓስወርዱን አጥፍቼ ኮሚት ስላደረግኩ ችግር የለም»

አለ እንጂ! የድሮው ኮሚት ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ሎግ የሚያይ ሰው ያገኘዋል። ፑሽ ካደረጋችሁት መጀመሪያ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ታሪኩን ማጽዳት ከዛ በኋላ ይደርሳል። ጊትኢግኖር (ጊት እንዳይከታተላቸው የምትፈልጓቸው ፋይሎች ዝርዝር) ላይ የፋይሉን ስም መጻፍም ቀድሞ የተመዘገበን ፋይል አያስወጣም።

«ፑል ማለት ማውረድ ነው»

ግማሹ ነው። ፑል አውርዶ ከሥራችሁ ጋር ያዋህዳል። ማየት ብቻ ከፈለጋችሁ ፌች በሉ፣ ፋይላችሁን አይነካም።

«ፑሽ እምቢ ሲል ፎርስ ነው መፍትሔው»

እምቢ ያለው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ስለላከ ነው። በፎርስ (በግድ) ስትገፉት የእሱን ኮሚት ከብራንቹ ላይ ታወርዱታላችሁ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ፊት ለፊት ትገናኛላችሁ። የግድ ከሆነ «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» የሚለው ይሻላል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ካመጣችሁት በኋላ አዲስ ነገር ከገባ ይከለክላችኋል። እሱም ቀዳዳ አለው፦ ፌች ብላችሁ የመጣውን ሳታዩ ከላካችሁ፣ አይታችሁታል ብሎ ያሳልፋችኋል።