ሹቲ ጋትዋን ከመስደባችሁ በፊት

ዶክተር ሁ ላይ አዲስ ዶክተር በመጣ ቁጥር ያው ወሬ ይደገማል፣ በሹቲ ጋትዋ ጊዜ ግን ከመጠን አለፈና ሰለቸኝ። ለማታውቁት፣ ቢቢሲ በ1963 የጀመረው ሳይንስ ፊክሽን ነው፣ ዋናው ገጸ ባህሪ ዶክተሩ ሊሞት ሲል ሰውነቱ ይቀየርና በሌላ አክተር ይቀጥላል። ሹቲ በ2023 መጨረሻ ገብቶ ሜይ 2025 ላይ ወጣ።

«ንኩቲ» አይባልም። ሹቲ ነው፣ በኪንያርዋንዳ ወዳጅ ማለት ነው።

«የመጀመሪያው ጥቁር ዶክተር።» ሾውን በዋናነት የመራ ካላችሁ ልክ ናችሁ፣ ግን ጆ ማርቲን በ2020 ዶክተሩን ሆና ታይታለች፣ እሷን አትርሷት።

«ተመልካቹን ያባረረው እሱ ነው።» ቁጥሩ መውረድ የጀመረው እሱ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ነው።

«ዶክተሩ እንዲህ አልነበረም።» የትኛው ዶክተር? በ1966 ዊልያም ሃርትኔል ጤናው እምቢ ሲለው ፓትሪክ ትራውተን ገባ፣ በመልክም በጠባይም አይገናኙም። ማት ስሚዝ ሲመረጥ 26 ዓመቱ ነበር፣ ከሱ ቀጥሎ የመጣው ፒተር ካፓልዲ 55። እኔ ራሴ የዴቪድ ቴናንትን ሲዝኖች ከጓደኛዬ በፍላሽ አስገልብጬ ነው የጀመርኩት፣ ማት ስሚዝ ሲመጣ አኩርፌ አንድ ኤፒሶድ አይቼ ተውኩት፣ ከወራት በኋላ ስመለስ ደግሞ ወደድኩት፣ ሲሰናበት አለቀስኩ። ስለዚህ ቢያንስ ሶስት ኤፒሶድ ሳታዩ «ይሄ ዶክተር አይደለም» አትበሉኝ።

አሁን የሚያቃጥለኝ ጋ ልምጣ። «ሲዝኑ ደካማ ነው፣ ስለዚህ አክተሩ ደካማ ነው።» ኧረ እባካችሁ! የአክስቴ ልጅ ይሄን ሲለኝ እራት ላይ ነበርን፣ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። የሹቲ የመጀመሪያ ሲዝን ስምንት ኤፒሶድ ብቻ ነው፣ ከነሱም በሁለቱ፣ በ73 ያርድስና በዶት ኤንድ በብል፣ እሱ ብዙም የለም፣ ምክንያቱም ሴክስ ኤጁኬሽን የሚባለው የሚተውንበት ሌላ ተከታታይ ቀረጻው ገና አላለቀለትም ነበር። ሰውየውን ሳንጠግበው ሲዝኑ አለቀ። አብራው ከምትጓዘው ልጅ ከሩቢ ጋር ያለው ወዳጅነት እንደሚገባው ሳያድግ እንደ ቤተሰብ ናቸው ተባልን። የሩቢ እናት ማን ናት እያሉ ሲዝኑን ሙሉ አንጠልጥለውን መጨረሻ ላይ ተራ ሴት ናት አሉን። እኔም ይሄ ሁሉ አናዶኛል፣ ግን ስክሪፕት ነው፣ የጻፈው ደግሞ ራስል ቲ ዴቪስ ነው፣ ሾውን በ2005 ከሞት ያስነሳው ሰውዬ፣ ስለምወደው ነው የምናገረው።

እንባው በዝቷል የምትሉት ላይ ግን እስማማለሁ። በየሳምንቱ ካለቀሰ እንባው ክብደት ያጣል። ከዳሌኮች፣ ከዶክተሩ የጥንት ጠላቶች ጋር፣ አንድ ሙሉ ኤፒሶድ እንኳን ሳይገጥም መሄዱም ይቆጨኛል።

ሆኖም ችሎታ የለውም የሚል ሰው የዶት ኤንድ በብልን መጨረሻ ይይ። ዶክተሩ ሊያድናቸው የመጣላቸው ነጭ ሀብታም ወጣቶች በቆዳው ምክንያት አብረነው አንሄድም ይሉታል፣ የሚሄዱት ወደ ሞት መሆኑን እየነገራቸው። ይለምናቸዋል፣ ማመን አቅቶት ይስቃል፣ ይጮሃል። ኤፒሶዱን ሙሉ ብዙ ሳናየው በዚያች ደቂቃ ብቻ ሙሉውን የራሱ አደረገው። ቡም የሚባለው ኤፒሶድ ላይ ደግሞ ፈንጂ ረግጦ ኤፒሶዱን ከሞላ ጎደል በሙሉ ካለበት ሳይነቃነቅ ነው የሚሰራው፣ መሮጥ የለ፣ መደነስ የለ፣ ፊቱና ድምጹ ብቻ።

ከ2025ቱ ደግሞ ሌጎስ ውስጥ ያለ ፀጉር ቤት ላይ የተሰራው ዘ ስቶሪ ኤንድ ዘ ኢንጅን አለ፣ ናይጄሪያ የተወለደው ኢኑዋ ኤለምስ የጻፈው። ዶክተሩ በዚህ ጥቁር ሰውነት አንዳንድ ቦታ ሰው በሌላ ዓይን እንደሚያየው፣ እዚያ ፀጉር ቤት ግን ደጁ ላይ እንደ ራሳቸው ሰው እንደሚቀበሉት ይናገራል። እኔ ስደት ላይ ሆኜ የሐበሻ ፀጉር ቤት ስገባ የሚሰማኝን ሌላ ዶክተር ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ ስፔስ ቤቢስን ዝለሉት፣ ብዙ ሰው ያባረረው እሱ ነው። ቡምን እዩ፣ ቀጥሎ 73 ያርድስ፣ ከዚያ ዶት ኤንድ በብል፣ ከዚያ ሌጎስ። ለአክስቴ ልጅም በዚሁ ተራ ልኬለታለሁ፣ እስካሁን ቡም ላይ ደርሷል።