ኩላሊት ጠባሳ ሲያወጣ ኢንዛይሞቹ ምን እየሰሩ ነው

ኩላሊት ስራ አቆመ ሲባል ብዙ ጊዜ ከጀርባው ጠባሳ አለ፣ ሀኪሞች ፋይብሮሲስ የሚሉት። መነሻው ስኳርም ይሁን ደም ግፊት ወይ በዘር የመጣ በሽታ፣ በሴሎቹ መሀል ኮላጅን የሚባል ክር መሰል ፕሮቲን ይከማችና ደም የሚያጣሩት ኔፍሮኖች እየሞቱ ይሄዳሉ፣ የሞተው ደግሞ አይተካም።

ይሄን ኮላጅን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉ፣ ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ ይባላሉ፣ ባጭሩ ኤምኤምፒ። ያለ ዚንክ አይሰሩም። መጀመሪያ የታወቁት በ1962 እ.ኤ.አ ግሮስና ላፒዬር የተባሉ ተመራማሪዎች የእንቁራሪት ልጅ ጅራቷ እንዴት እንደሚጠፋ ሲያጠኑ ነው። ሰውነት የሚቆጣጠራቸው ቲምፕ በሚባሉ 4 ፕሮቲኖች ነው።

በፊት ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር፣ ቲምፕ ሲበዛ ኤምኤምፒ ይታሰራል፣ ኮላጅን የሚያነሳ ይጠፋል፣ ጠባሳ ይመጣል በቃ። ግን ከአራቱ አንዱ የሆነው ቲምፕ-1 የሌላቸው አይጦች ላይ ሲታይ ጠባሳው አልቀነሰም፣ እንደውም የኩላሊት ቱቦ ሴሎቻቸው ከኤምኤምፒዎቹ አንዱን፣ ኤምኤምፒ-2ን፣ አብዝተው እንዲያመርቱ የተደረጉ አይጦች ሌላ ጉዳት ሳይደርስባቸው ጠባሳ አወጡ! ምክንያቱም ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 የቱቦ ሴሎች የተቀመጡበትን ስስ ሽፋን ይበሳሉ፣ በዛ ላይ ተኝቶ የቆየውን ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባል መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን ይቀሰቅሱታል፣ እሱ ደግሞ ኮላጅን እንዲመረት ዋናው አዛዥ ነው።

ለኔ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው አልፖርት የሚባለው በዘር የሚመጣ የኩላሊት በሽታ ነው። የበሽታው አይነት ባለባቸው አይጦች ኤምኤምፒዎቹን ገና በጊዜ ሲያግዷቸው ኩላሊቱ ተረፈ፣ ጠባሳው ከጀመረ በኋላ ሲያግዱ ግን በሽታው ባሰ። ያው ኢንዛይም መጀመሪያ ላይ አጥፊ፣ በኋላ ጠራጊ ሆነ ማለት ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይሰራም፣ መቼና የት የሚለው ይቀድማል።

ሲቆይ ደግሞ ሊሲል ኦክሲዴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም የኮላጅኑን ክሮች እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፣ ከዛ በኋላ ቆራጮቹም በቀላሉ አይበጥሱትም።

ኤምኤምፒን በጅምላ የሚያግዱ መድሀኒቶች ካንሰር ላይ ተሞክረው ነበር፣ ማሪማስታት አንዱ ነው፣ ግን የጡንቻና የመገጣጠሚያ ህመም አመጡ። ለኩላሊት ዛሬ የሚሰጡት እንደ ኢናላፕሪል ያሉት የደም ግፊት መድሀኒቶች ሌላ መንገድ ይዘው ነው ጉዳቱን የሚያዘገዩት። ተስፋ የተጣለበት ምርመራ ግን አለ፣ ኤምኤምፒ-7። ጤነኛ ኩላሊት ውስጥ ብዙም አይገኝም፣ ጠባሳ ሲጀምር በሽንት ይወጣል፣ ስለዚህ በመርፌ ስጋ ሳይቆረጥ ገና በጊዜ ለማወቅ ይረዳል ተብሎ እየተጠና ነው።