ሚትሪኖቪችና የለንደን ክበቡ

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል አንድ ሰርባዊ ካቋቋማቸው የፍልስፍናና የረቂቅ ምሥጢራት ክበቦች ሁሉ ለየት ያለው ማዕከሉን ያደረገው ቤልግሬድ ላይ ሳይሆን ለንደን ውስጥ፣ ከብሪታንያ ሙዚየም ብዙም በማይርቀው የጎወር ጎዳና ላይ ነበር። መሪው ዲሚትሪዬ ሚትሪኖቪች እ.ኤ.አ. በ1887 በሄርዞጎቪና ተወለደ። በሞስታር ተማሪ ሳለ በኅቡዕ ከተደራጀ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ጋር ተቀላቀለ፤ ከባልንጀሮቹ አንዱ ቦግዳን ዤራይች ሲሆን፣ እርሱም በ1910 የቦስንያን ገዢ ለመግደል ተኩሶ ሲስት የራሱን ሕይወት አጠፋ። በ1914 የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ የገደለው ወጣትም የወጣው ከዚሁ «ወጣት ቦስንያ» ከተባለው ንቅናቄ ነው።

ሚትሪኖቪች ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ሙኒክ ላይ ከሠዓሊው ካንዲንስኪ ጋር ተዋወቀ፤ ጥቂት የተመረጡ አሳቢዎች እርስ በርስ ቢተሳሰሩ አውሮፓን ከጥፋት ሊያድኑ ይችላሉ ብሎ ከሚያምነው ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከኤሪክ ጉትኪንድም ጋር ተቀራረበ። ጦርነቱ ሲፈነዳ ወደ ለንደን ሸሽቶ በሰርቢያ ሌጋሲዮን (የዲፕሎማሲ መሥሪያ ቤት) ሠራ። የተመረጡ አሳቢዎችን የማስተሳሰሩን ሐሳብ ግን ይዞት መጣ እንጂ አልተወውም፤ በኋላ የሠራው ሁሉ ከዚሁ የመነጨ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1920 እና በ1921 «ኤም. ኤም. ኮስሞይ» በሚል የብዕር ስም በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ በኦሬጅ አዘጋጅነት በሚታተመው «ዘ ኒው ኤጅ» መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። የሰው ልጅ አንድ አካል ነው፣ ሕዝቦችም ብልቶቹ ናቸው፣ ለእያንዳንዱም የተመደበለት ሥራ አለው የሚል ነበር። ሐሳቡ አንድነትን የሚሰብክ ቢሆንም፣ ዘሮችንና ሕዝቦችን በደረጃ ማስቀመጡ፣ በተለይም ስለ አይሁድ የጻፈው፣ ተገቢ ትችት አስከትሎበታል።

ክበቡ መልክ የያዘው በ1927 ነው። በዚያ ዓመት የቪየናው ሐኪም የአልፍሬድ አድለር የሥነ ልቦና ማኅበር የእንግሊዝ ቅርንጫፍ በሚትሪኖቪች መሥራችነት በጎወር ጎዳና ተከፈተ። በአደባባይ የሚሰጠው ንግግር ለሁሉም ክፍት ነበር፤ የክበቡ እውነተኛ ሥራ ግን በጓዳ ይካሄድ ነበር። አባላቱ በትንንሽ ቡድን ተቀምጠው አንዱ ስለ ሌላው የሚያስበውን ሳይደብቅ በግልጽ ይናገራል፤ የተነገረውም ሳያኮርፍ ይሰማል። አብረው መኖር ያልቻሉ ሰዎች ለዓለም ሰላም ሊያመጡ አይችሉም የሚለው እምነት የተፈተነው በዚህ ነው። በወጣትነቱ ወደ ክበቡ ብቅ ያለው፣ በኋላ የምሥራቁን ፍልስፍና በማስተዋወቅ የታወቀው ጸሐፊ አለን ዋትስ ሚትሪኖቪችን የሚያስታውሰው ጭንቅላቱን ተላጭቶ፣ ቅንድቡ ጥቁር ሆኖ፣ ክት ልብሱን ለብሶ በሌሊት ደቀ መዛሙርቱን በሶሆ ምግብ ቤቶች የሚጋብዝና ሒሳቡን በትልልቆቹ ነጫጭ የአምስት ፓውንድ ኖቶች የሚከፍል ሰው አድርጎ ነው።

ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ክበቡ ወደ ፖለቲካ ወጣ። የአውሮፓን ፌዴሬሽን የሚደግፈው የአዲስ አውሮፓ ቡድን ሲመሠረት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ የከተማ ፕላን ሊቁ ፓትሪክ ጌዴስ ነበር፤ በኬሚስትሪ የኖቤል ተሸላሚው ፍሬድሪክ ሶዲም የገንዘብ ሥርዓትን ስለ መለወጥ ያለውን ሐሳብ ይዞ ተቀላቀለ። በ1933 «አዲሲቱ ብሪታንያ» የተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ተጀመረ። ኢኮኖሚው፣ አስተዳደሩና ባህሉ ሦስት ራሳቸውን የቻሉ ዘርፎች ይሁኑ፣ ሠራተኛውም በየሙያው ማኅበር ራሱን ያስተዳድር የሚለው ሐሳቡ ሥራ አጥነት ባስመረረው አገር ብዙ ሰው ሳበ፤ በየከተማውም ቡድኖች በቀሉ። ጉባኤውን በጓዳ የለመዱት መሥራቾች ግን በሺህ የሚቆጠር ተከታይ መምራት አልቻሉበትም፤ መጽሔቱ በ1934 ቆመ። የተካውም «አሥራ አንደኛው ሰዓት» የሚል አነስተኛ ኅትመት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክበቡ ወደ ጓዳው ተመለሰ። ከትምህርቶቹ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው «ሴኔት» የሚለው ነው፦ ሥልጣን የማይፈልጉ ሰዎች በተቃራኒ ወገኖች መካከል ገብተው፣ ለአንዱም ሳያደሉ፣ እያንዳንዱ በሌላው ውስጥ ያለውን እውነት እንዲያይ ያግዛሉ። ሚትሪኖቪች በ1953 ለንደን አጠገብ በሪችመንድ ሲሞት ይህን ትምህርት የሚያብራራ አንድም መጽሐፍ አልተወም፤ ያስተማረው በቃሉ ነበርና። ንግግሮቹን ጽፈው ያስቀመጡትና አሳትመው ያወጡት በዚያ ጓዳ አብረውት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ የግል መጻሕፍት ስብስቡም ከፊሉ በቤልግሬድ፣ ከፊሉ በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።