ዳዊት ከነበገናው

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝም ይሁን አንኮበር፣ የድሮ የብራና ዳዊት ከማኅደሩ ወጥቶ ሲገለጥ፣ ሥዕል ካለው ብዙ ጊዜ በገና የያዘ ሰው ብቅ ይላል። መዝሙረኛው ንጉሥ ዳዊት ነው። ዘውድ ደፍቶ፣ ካባ ደርቦ፣ ጺሙን አሳድጎ ይቀመጣል።

የሚገርመው፣ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለው 151ኛው መዝሙር ሌላ ሰው ነው የሚያሳየን። እዚያ ዳዊት የወንድሞቹ ታናሽ ነው፤ የአባቱን በጎች ይጠብቃል፣ መሣሪያውንም የሚሠራው በገዛ እጁ ነው። ወጣት ሙዚቀኛ ማለት እሱ ነበር። ሠዓሊው ግን እረኛውን ለጎልያድ ታሪክ ያስቀምጠዋል። ያኔ በእጁ የሚይዘው ወንጭፍ ነው።

ፊቱም ቢሆን የአንድ ሰው መልክ ተገልብጦ የተሣለ አይደለም። ጻድቅ ስለሆነ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፤ በጎን አንድ ዓይን ብቻ የሚሣለው ክፉ ሰው ነው። ሠዓሊው የሚጠበበው በገናው ላይ ነው። ምሰሶዎቹን፣ ቀንበሩን፣ ገበቴውን አይረሳም። አውታሩን ስትቆጥሩት ግን ሁልጊዜ አሥር አይሞላም። በአሥርቱ ትእዛዛት የሚመሰለው አሥር አውታር ነው፣ ሠዓሊው ቦታ ሲጠበው ይቀንሳል መሰለኝ። ድምፁን እንደ ንብ የሚያስነዝረውን እንዝራማ፣ ያን ቁራጭ ቆዳ፣ በዚያ መጠን ማን ይሥለዋል!

የሠዓሊዎቹ ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ደብረ ብርሃንን በቆረቆሩት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ የነበረው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ስሙ ሰፍሯል።

ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ሥራው ላይ ስሙን የሚፈርም ሠዓሊ ኋላ ወጣ። አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለደ። እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና ሊማር ነበር፤ ሥዕል ተምሮ ተመለሰ። በ2004 ዓ.ም. ዐረፈ።

ወጣቱ በገና ደርዳሪ ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤት ይገኛል፣ ሴቶቹም ጭምር። በተለይ በዐቢይ ጾም። በገናውን በግራ ጎኑ አስደግፎ፣ በግራ እጁ ጣቶች ከአውታሮቹ በስተኋላ ይደረድራል።