በሰው አገር ማርሻል አርት መጀመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ማርሻል አርት መጀመር ሲያምረው ከአዳራሹ በር የሚመልሱት ሰበቦች ብዙም አይለያዩም። እኔም በ37 ዓመቴ ጁዶ የሚባለውን የጃፓን ትግል እስክጀምር ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራ በተራ ስደረድራቸው ኖሬያለሁ።

«መጀመሪያ ቋንቋውን ልልመድ»

ከሁሉም የከፋው ሰበብ ይህ ነው። በጁዶ አዳራሽ «ሀጂሜ» ጀምሩ፣ «ማቴ» አቁሙ ማለት ነው፤ ትእዛዙ የትም አገር ቢሆን በጃፓንኛ ይሰጣል። ቴኳንዶ የሚሰለጥነውም «ሃና፣ ዱል፣ ሴት» እያለ በኮሪያኛ ይቆጥራል። የአገሩ ተወላጅም በመጀመሪያው ቀን እንደ እንግዳው ግራ ይጋባል።

እኔ በገባሁ ቀን አሰልጣኙ ረጅም ንግግር አደረገ፤ አንድም ቃል አልገባኝም። ከዚያ ቀረብ ብሎ ቀኝ እጄን ኮሌታውን፣ ግራ እጄን እጅጌውን አስያዘኝ። ክርኔን በጣቱ ዝቅ አደረገው፤ እግሬን በእግሩ ገፋ አድርጎ ቦታው ላይ አስቀመጠልኝ። ትምህርቱ ይኸው ነበር። ክርን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት የሚባሉትን በአገሩ ቋንቋ ያወቅኋቸውም እዚያው ነው፤ የቋንቋ መማሪያ መጽሐፌ ገና ፍራፍሬ ገበያ ላይ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳይያያዙ በፊት መታወቅ አለበት። በጁዶና እንደሱው የትግል ስልት በሆነው በጁጂትሱ የተቃራኒን ገላ ወይም ምንጣፉን በመዳፍ መታ መታ ማድረግ «በቃኝ፣ ልቀቀኝ» ማለት ነው። ይህን ያላወቀ አይታገል።

«እውነተኛው የሚገኘው በተወለደበት አገር ብቻ ነው»

ካኖ ጂጎሮ ጁዶን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ ነው፤ እውነት። በ1961 ፓሪስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ግን የሆላንዱ አንቶን ሄሲንክ ነበር። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባበት በ1964ቱ የቶኪዮ ውድድርም ይኸው ሰው በክብደት ገደብ በሌለው ምድብ ጃፓናዊውን ካሚናጋን በአገሩ ሕዝብ ፊት አሸንፏል። የሰልጣኙን ደረጃ የሚያሳዩት ቢጫና አረንጓዴ ቀበቶዎችም የተስፋፉት በአውሮፓ ነው። የብራዚል ጁጂትሱ ደግሞ መነሻው በ1914 ብራዚል የገባው ጃፓናዊ የጁዶ ተጋጣሚ ማኤዳ ሚትሱዮ ነው። ስልቱ ራሱ ስደተኛ ሆኖ ሳለ ሰልጣኙ በስደቱ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

«ዕድሜዬ አልፏል»

ጎልማሳን የሚጎዳው ዕድሜው ሳይሆን ከሃያ ዓመት ወጣት ጋር እልህ መጋባቱ ነው። የጁዶ የመጀመሪያ ሳምንታት በአመዛኙ መውደቅን መማር ናቸው፦ አገጭን ወደ ደረት ሰብስቦ፣ ምንጣፉን በክንድ መትቶ መውደቅ። ይህ ደግሞ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል።

«ጥቁር ቀበቶ የመጨረሻው ደረጃ ነው»

የመጀመሪያው ጥቁር ቀበቶ በጃፓንኛ «ሾዳን» ይባላል፤ ትርጉሙ የመነሻ ደረጃ እንደማለት ነው። በብራዚል ጁጂትሱ እዚያ ለመድረስ አሥር ዓመት ገደማ መፍጀቱ የተለመደ ነው። በአገሩ ያገኘውን ደረጃ ይዞ የመጣ ሰው የምስክር ወረቀቱን ያሳይ፤ አዲሱ ክለብ ላይቀበለው እንደሚችል ግን ይወቅ። የእኔ ምክር በመጀመሪያው ቀን የጀማሪውን ነጭ ቀበቶ አስሮ መግባት ነው። ችሎታ ካለ በአምስት ደቂቃ ይታያል።

«ስድስት ወር ከሰለጠንኩ ማንም አይነካኝም»

ከሁሉም ይልቅ የምፈራው ይህን አመለካከት ነው። ራስን የመከላከል ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ብዙ አገሮች የአጸፋው ኃይል ከጥቃቱ ጋር እንዲመጣጠን ይጠይቃሉ። ፖሊስ ሲደርስ ነገሩን በአገሩ ቋንቋ ማስረዳት ያልቻለ እንግዳ፣ ተጠቂው እሱ ሆኖ ሳለ አጥቂ ሊመስል ይችላል። መሸሽ እየተቻለ መግጠም ጅልነት ነው። ልምምዱ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ ሰው አንቆ ሲይዝ ትንፋሽን ሳያጡ ማሰብ።

«ብዙ ዕቃ ያስፈልጋል»

ለመጀመሪያው ቀን ዚፕና ቁልፍ የሌለው የስፖርት ልብስ ይበቃል። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበት ይውለቅ። ይልቅ የአባልነት ውሉ ስንት ወር እንደሚያስር፣ የጤና መድኑ የስፖርት ጉዳትን ይሸፍን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ጫማ ደግሞ ከምንጣፉ ዳር አያልፍም። እኔ ጫማዬን እንደተጫማሁ መሐል ድረስ ገብቼ ነበር፤ ያኔ የተነሳውን ጩኸት ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።